የሲስተር ፉሲ ጨርቅ

ሎሳሊኒ ምሳዋን የምትበላው ብቻዋን ነው። የእናቶች ክፍል ነርሶች ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው፣ ታሮ የሚሉትን የጎደሬ ቅቅላቸውን እየተካፈሉ ይሳሳቃሉ፤ እሷ ስትቀርብ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። ኒውዚላንድ ተምራ ወደ አገሯ ቶንጋ ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ሆኗል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ልብስ ሳይለያቸው በእናታቸው ደረት ላይ ቢታቀፉ ብዙዎቹ እንደሚተርፉ ጥናት አረጋግጧል። የእሷ ሥራ ይህን ክፍሉ ውስጥ ማስለመድ ነው።

«መጣች ጥናታችን!» ይላሉ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ፉሲ። «ዛሬ ደግሞ ምኑን ተዉ ልትይን ነው?»

ሎሳሊኒ አብራ ትስቅና የክፍሉ መግቢያ ደረጃ ላይ ሄዳ ትቀመጣለች።

በመጨረሻ አንዲት እናት እሺ አለቻት። አናሲኒ ትባላለች፤ ልጇ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም፣ እግሯም ቶሎ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሎሳሊኒ መመሪያው እንደሚለው የእናቲቱን ደረት ገልጣ ሕፃኗን አስተኛችባት። ትንሿ ሞቀች፣ ፊቷም ቀላ። ሎሳሊኒ ከአልጋው መራቅ አቃታት።

ከሰዓት በኋላ የአናሲኒ ወንድም ምግብ ይዞ ገባ። ወንድምና እህት እንኳን ገላ ሊተያዩ፣ አንድ ላይ ቁጭ ብለው የብልግና ቀልድ የማይሰሙበት አገር ነው። እህቱን እንዳየ ቅርጫቱን በሩ ላይ ጥሎ ወጣ። አናሲኒ ልጇን ብርድ ልብስ ውስጥ ጠቀለለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«አንቺ፣ ወንድም የለሽም እንዴ?» አሉ ፉሲ ሎሳሊኒን።

ሎሳሊኒ ሁለት ወንድሞች አሏት እንጂ፤ ሁለቱም ታላቆቿ ናቸው። መመሪያው ግን ስለ ወንድም አንድም ቃል አልነበረበትም፤ እሷም ገጹን ብቻ እያየች የራሷን ቤት ወግ ረሳች።

አመሻሽ ላይ የሕፃኗ እግር እንደገና ቀዘቀዘ። አናሲኒ ሎሳሊኒን ቀና ብላ ማየት አልፈለገችም። ሎሳሊኒ አንሶላ ቀድዳ፣ ደረትንም ሕፃንንም አጥብቆ የሚሸፍን፣ ከላይ ሸሚዝ የሚደረብበት ሰፊ መታጠቂያ ሰፋች። ይዛው ወደ ፉሲ ሄደች።

«ሲስተር፣ እርስዎ ያስሩላት። እኔን አትሰማኝም።»

ፉሲ ጨርቁን አገላብጠው አዩት። «ስፌትሽ ጠማማ ነው።»

«አዎ፣ ነው።»

«የማን ነው ብትለኝስ?»

ሎሳሊኒ ከጨርቁ የተንጠለጠለውን ክር በጠሰች። «የእርስዎ እንደሆነ ይንገሯት።»

ፉሲ ወደ አልጋው ሄዱ። «ተነሽ ልጄ! ወንድምሽ ከበረንዳው አያልፍም። እኔ ቆሜ ማን ይገባል?»

ሕፃኗ ተረፈች፤ ወፍራ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወንድሞች ምግቡን በረንዳ ላይ አስቀምጠው ይጣራሉ፤ እናቶችም ገና ሳይወልዱ «የሲስተር ፉሲን ጨርቅ» ይጠይቃሉ።

አንድ ቀን ሎሳሊኒ ደረጃው ላይ ምሳዋን ስትበላ፣ አዲስ የመጣች ነርስ ማንጎው ሥር ይህን የጨርቅ ነገር ማን እንዳመጣው ስትጠይቅ ሰማች።

«ማን ያመጣዋል?» አሉ ፉሲ። «እዚህ ድሮም እንዲህ ነው የምናደርገው።»

ሎሳሊኒ ማላመጧን አቆመች። እዚህ የተላከችው ነገሩ የራሳቸው ልማድ ሆኖ ይህ እንዲባል ነበር። ተሳካልኝ ብላ የምትነግረው ሰው ለማግኘት ዙሪያዋን አየች፤ ደረጃው ላይ ከእሷ በቀር ማንም የለም።

«አንቺ ጥናት!» ፉሲ ከማንጎው ሥር ተጣሩ። «ጨርቅ አልቆብናል!»

«እሺ ሲስተር» አለችና የተረፈውን ታሮ ጠቅልላ ልትሰፋ ተነሳች።