የፊት ጾም

ወንድሜ ሚሳኤል ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከሥጋና ከወተት ጋር ፊት መሳልንም ተወ። ነገሩን ያመጣችው አብራው ሥዕል የምትማረው ሴና ናት። "አንተ ስትስለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቆንጆ ነው። እስከ ፋሲካ ፊት አትሳል፤ ያኔ ሰውን ማየት ትጀምራለህ" አለችው።

"ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል" ብዬ ሳቅሁበት። እስኪብቶውን ይዞ ጀርባና እጅ፣ ጫማና ተረከዝ ሲያሳድድ ከረመ። አንድ ቀን አንድ ወረቀት አሳየኝ፦ ከበር የምትወጣ ሴት፣ ከኋላዋ። ግራ ትከሻዋ ዘንበል ብሏል፣ የጫማዋ ተረከዝ ተረግጧል። "እማዬ!" አልኩ ሳላስበው። እውነት ለመናገር ቀናሁበት።

እናታችን ትሩፋት ፎቶ አትወድም። ስልክ ስናነሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። ለሱ ግን ቃል ገባችለት። "ለፋሲካ ተገልጬ እቀመጥልሃለሁ" አለችው ጉንጯን እየነካች፤ "ጾምህን በዚህ ትፈታለህ።"

ሆሳዕና ዕለት ሀና ማርያም አስቀድሳ፣ ዘንባባ ጣቷ ላይ አስራ መጣች። በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ፣ በሳምንቱ ለሚሞቱት ሁሉ የሚደረገው ያን ዕለት ነው። እሷም ቆማ ሰምታዋለች። ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወደቀች፤ ሐኪም ቤት አልደረሰችም።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ አክስታችን ቸኮል መጣች። "ፎቶዋስ? ምኑን ይዘን እናልቅስ? ማንን እናናግር?" አለች። ስልኮቻችንን ፈተሽን፤ ሁሉም ላይ ነጠላ ነው። የመታወቂያዋ ፎቶ ውሃ ገብቶበት ከደበዘዘ ቆይቷል።

"ሚሳኤል፣ አንተ ሰዓሊ አይደለህ? በል ሳላት!"

ጓዳ ገብቶ ሳለ፤ ቀደደ፤ እንደገና ሳለ። የሚወጣው ያው የድሮው ቆንጆ ፊት ነው፤ የማንም ሊሆን ይችላል።

"አላየኋትም እኮ፣ ማርቲ" አለኝ። "ጾሙን ሙሉ ከፊቷ ስሸሽ ነው የከረምኩት።"

በጥፊ ልለው ቃጣኝ። ግን እኔስ? ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ነጠላዋ ብቻ ነው። ያን ከበር የምትወጣዋን አነሳሁና ከምግብ ዘይት ካርቶን ቀድጄ ለጠፍኩበት። ሌላ ምን አለን?

ቸኮል ተቀበለችኝ። መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ከዚያ ትከሻውን አወቀችው። ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ጮኸች።

"ትሩፋት! እህቴ፣ ወዴት ነው? ኧረ ዙሪልን! አንዴ ዙሪና እይን!"

ሴቶቹ ተቀበሏት። "ዙሪልን! ዙሪልን!" ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ለመናት።

ሚሳኤል ከጥግ ተነሳ። ሰዉን እየገፋ እስከ ቸኮል ደረሰ፣ ከኋላዋ ዞረ፣ ቀና ብሎ ካርቶኑን በሌላ በኩል አየው። "የምግብ ዘይት" ይላል። እዚያው ቆሞ ደግሞ ደጋግሞ ሲያነበው አየሁት።