የካፒታሊዝም ጅራት

…ፈገግ በል፣ ፈገግ በል ጓድ ሩይሊን፣ ካሜራው ወዳንተ ነው፣ እያለ ራሱን ያዛል፣ መቀሱ ገና እጁ ላይ ነው፣ የተቆረጠው ቀይ ጥብጣብ እግሩ ሥር ወድቋል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ የቤጂንግ በረዶ ትከሻው ላይ ያርፋል፣ ከኋላው ባለ ሦስት ፎቁ የፈረንጆች ምግብ ቤት ዶሮ ጥብስ ይሸታል፣ እሱ ነው ያመጣው፣ ሁለት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተንከራቶ፣ ማኅተም ለምኖ፣ በኮሚኒስት አገር ይሄ እንዴት ይሆናል ያሉትን ሁሉ አሳምኖ፣ ፓርቲው እንኳን አመስግኖታል፣ ታዲያ ፈገግታውን ምን ያጠፋበታል?

ዶሮ ሊገዛ በተሰለፈው ሕዝብ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ነው። አጎት ቺው።

አይደለም፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሐል እሱ አይሆንም፣ ግን ያ የጎበጠ ትከሻ፣ ያ የሚጎተት ግራ እግር፣ ነው፣ ራሱ ነው፣ እግሩን ምን እንዳገኘው ደግሞ አንተ ታውቃለህ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ክንዱ ላይ የአብዮቱ ተማሪ ዘበኞች፣ የቀይ ዘቦች፣ ጨርቅ፣ ልቡ ያበጠ፣ አጎት ቺው የአንድ ግቢ ጎረቤት፣ መነገድ ወንጀል በሆነበት ዘመን ማለዳ ማለዳ ጓሮ ውስጥ ሊጥ እየጠበሰ ለሰፈሩ ይሸጣል፣ ና አንተ ከሲታ፣ ይቺን ጉረስ፣ ትምህርት በባዶ ሆድ አይገባም፣ ይለዋል፣ በላ፣ ስንት ማለዳ በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ በዚያው ጣት ብዕር ጨብጦ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ክስ ጻፈ፣ ከቺው ጓሮ የካፒታሊዝም ጅራት በቅሏል፣ ዘይቱንስ ከየት ያመጣዋል? ስሙን አልጻፈም። አንድ ታማኝ ወጣት፣ ብቻ። በማግስቱ ዘቦቹ መጥበሻውን በመዶሻ ሰባበሩት፣ ከዚያ እግሩን፣ ሩይሊንም ከሰው መሐል ቆሞ ይውደም እያለ ጮኸ፣ ከሁሉም አስበልጦ ጮኸ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፣ እሱ ግን ወግቶም አልረሳም። ያኔ ለአንድ መጥበሻ ዘይት ሰው ተሰበረ፣ ዛሬ በበርሜል ለሚያፈላው ለሱ ይጨበጨባል።

ውጣና ጥፋ፣ በጓሮ በር፣ አይ፣ ውስጥ ሽማግሌው ዶሮውን ገዝቶ ሲዞር እግሩ ወደሱ ይሄዳል፣ እጁ ትሪውን ይቀበለዋል፣ አጎቴ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ሙቀት አለ፣ ሽማግሌው ቀና ብሎ ያየዋል፣ አንተ የጎረቤቴ የሱዪን ልጅ አይደለህም? ከሲታው! ወፈርክ እኮ፣ ይስቃል፣ ጥርስ የለውም፣ ከዶሮው ቆርሶ ያላምጣል፣ ዘይቱ ደህና ነው፣ አላረጀም፣ ይላል፣ የሙያ ሰው እንደሚፈርድ። ይሄ ምስጋና ከፓርቲው ሜዳሊያ በላይ ያቃጥላል። ዝም በል። ዛሬ ዝም ካልክ መቼም አትናገርም።

አጎቴ፣ ያን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የቱን?

የዘይቱን።

ማላመጡ ይቆማል። ይምታኝ፣ ይትፋብኝ፣ በካሜራው ፊት፣ ደስ ይለኛል፣ ሽማግሌው ግን ትሪውን ነው የሚያየው፣ ዴሹን አልነበረም? ይላል በቀስታ፣ ታናሽ ወንድሜ? እሱ ነበር እኮ ከመንግሥት መደብር ዘይት ደብቆ የሚያመጣልኝ፣ ከሱ ሌላ ስለ ዘይቱ ማን ያውቃል ብዬ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሰላም አላልኩትም።

ዘይቱንስ ከየት ያመጣዋል። ለማሳመሪያ የጣላት ቃል። ምንም አያውቅም ነበር፣ ዝም ብሎ፣ ለማሳመሪያ።

አሁን የት ናቸው ዴሹን?

ባለፈው ጸደይ ሞተ። ሴት ልጁ በሬ ላይ ተንበርክካ ለቀብር ና አለችኝ፣ በሩን ዘጋሁባት።

እሱ እኮ ሸክሙን ሊያወርድ ነበር የተናገረው፣ ሊቀለው፣ ለራሱ ነበር ይሄ ኑዛዜ፣ ይኸው ሽማግሌው ላይ ጫነው፣ ይቅር ይበሉኝ አጎቴ፣ ይላል፣ ቃሉ አፉ ውስጥ ገለባ ይሆናል፣ ሽማግሌው ጠረጴዛውን ተደግፎ ይነሳል፣ ግማሹን ዶሮ ትቶ።

ተነስ።

ወዴት?

ልጁ ዘንድ። አንተ ትነግራታለህ። እኔ እሷን የማይበት ዓይን የለኝም።

አሁን?

አሁን።

ፈረንጁ ሸሪኩ ብርጭቆ አንስቶ ከላይኛው ፎቅ ይጠራዋል፣ ሚስተር ሩይሊን፣ ሚስተር ሩይሊን፣ ፎቶ አንሺዎቹ ይጠብቃሉ፣ የፓርቲው ጸሐፊ ይጠብቃል፣ ነገ ምን ይሉታል፣ ይበሉ፣ በሩን ይከፍታል፣ በረዶው ፊቱን ይገርፈዋል፣ ሰልፈኛው መንገድ ይለቅላቸዋል፣ ሽማግሌው ክንዱን አይሰጠውም፣ ብቻውን እግሩን እየጎተተ ይቀድማል፣ ሩይሊን እርምጃውን በዚያ እግር ልክ ያሳጥራል፣ ምን ብሎ ይጀምርላታል፣ አባትሽ ብሎ፣ ዘመኑ ብሎ፣ ልጅ ነበርኩ ብሎ፣ አይሆንም፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ብሎ ነው፣ ሌላ መጀመሪያ የለውም።