ግፊቱን ለጎረቤት

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣችና አናጺ ባሏን ተከተለችው። አናጺው ጺሙን ተላጭቶ፣ የክት ሸሚዙን ለብሶ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሲስተር ቤት ሲያቀና የዛሬው የመጀመሪያው አልነበረም። ሲስተር ክሊኒክ የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቋ ግቢ የሚሞላ ሴት ናት።

አምና የአናጺው ታላቅ ወንድም ቁርስ ላይ እንደተቀመጠ ተዝለፍልፎ ወድቆ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሞቷል። ሐኪሙ ያልታከመ የደም ግፊት ያመጣው ነው ብሎ፣ አናጺውም ግፊት ስላለበት መድኃኒት አዘዘለት። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ምግቡን ጨው ነሣችው፣ ኪኒኑን ከነውሃው አስያዘችው፣ በሲጋራው ተጨቃጨቀችው። እሱ ግን ኪኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ በመስኮት ሲተፋው ደርሳበታለች። ታዲያ የሚስቱን ምክር የናቀ ሰው ማለዳ ማለዳ ለማን ነው የሚሽቀረቀረው?

በሩ ገርበብ ብሏል። አናጺው ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ሲስተር የግፊት መለኪያውን እየፈታችለት ነበር።

"ወርዷል" አለችው። "ሲጋራውስ?"

"ከተውኩት ሰነበትኩ። ኪኒኑንም አንቺ ዘንድ መምጣት ከጀመርኩ ወዲህ እውጣለሁ። አንቺን መዋሸት አልችልም።"

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገፍታ ገባች። "እኔን መዋሸቱን ግን ቻልክበት።"

አናጺው እጅጌውን ለማውረድ ሲታገል ቆየ።

"አንቺ ኪኒኑን ስትሰጪኝ ዐይንሽ እንባ ያቀርራል" አላት በመጨረሻ። "ወንድሜን ከነከፈኑ አየዋለሁ። እዚህ የምሰማው ቁጥር ብቻ ነው።"

ሲስተር ነገሩ ገብቷት መለኪያውን ወደ ልብስ ሰፊዋ አስጠጋችው። አጠቃቀሙን አሳይሻለሁ፣ ቤትሽ ወስደሽ አንቺው ለኪው አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ መለኪያውን አነሣችው። ማሰሪያው ገና የባሏን ክንድ ሙቀት እንደያዘ ነበር። እቤት ወስዳ፣ ክንዱን እሷው ይዛ፣ እሷው ልትለካው ጓጓች። ግን ባሏን ታውቀዋለች፤ እሷ ፊት ሳምንት ሳይሞላ ወደ መትፋቱ ይመለሳል። ቅናቱም አልለቀቃት።

መለኪያውን መልሳ ሲስተር ፊት አኖረችው።

"እዚሁ ለኪው" አለቻት። "ነገ እንዳይቀር እኔው ቀስቅሼ እልከዋለሁ።"