መስቀል የሌለበት ቡፌ

ደጋ ላይ ባለችው ዘመሮ ክረምት ሲገባ የጓሳ ተራራ ጉም ከሰው ቤት ድረስ ይዘልቃል፤ ሰውም በሩን ዘግቶ ይከርማል። ይሥሐቅ ግን ዘንድሮ በሩን የዘጋው ለብርዱ ብቻ አልነበረም። ቡፌ እየሠራ ነበር። ቡፌ ስል ያው ታውቁታላችሁ፤ መሐሉ ላይ ቴሌቪዥን የሚቀመጥበት፣ ግራና ቀኙ መዝጊያ ያለው፣ ከሥሩ መሳቢያ የተደረደረበት፣ ከተሜው ሳሎኑን የሚሞላበት ዕቃ ነው። ሌላ መሥሪያ ቦታ ስላልነበረው የሚሠራው እዚያው እናትና አባቱ በሚኖሩበት ክፍል፣ ከመደቡ ፊት ለፊት ነበር። የእንጨቱ ልጣጭ ወጥ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እናቱ ወይዘሮ አዛለች ግን አንድም ቀን አላማረሩም፤ እየለቀሙ ይበላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሥሐቅ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እጁም አገር የመሰከረለት እጅ ነው። ያ እጅ ግን እስከ ዛሬ የሠራው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። አባቱ ቄስ ኪዳነ ወልድ መንበር ጠራቢ ናቸው፤ ታቦት የሚያርፍበትን መንበር፣ መጽሐፍ የሚነበብበትን አትሮኖስ፣ የመቅደሱን በር ይሠራሉ። ከዘመሮ እስከ ቀየት፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጊሼ ድረስ የእሳቸው መሮ ያልነካው ደብር ጥቂት ነው። ልጃቸውን ገና በዲቁናው ጊዜ አጠገባቸው አስቀምጠው መላጊያ አስያዙት። እሱም ያዘ። ከያዘ ወዲያ ማን ያስለቅቀው? የመንበር ሥራ የነፍስ ሥራ ነው። ሲያልቅ ካህናቱ ይመርቁሃል፣ ምሳ ትበላለህ፣ ዕቃህን ተሸክመህ ወደሚቀጥለው ደብር ትሄዳለህ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። እምቢ አይባልም፤ ለታቦት እምቢ የሚል ከማን ተወልዶ!

አሁንም የጊሼ ሰዎች ቤተ ክርስቲያናቸውን አዲስ ሠርተው መንበሩን እየጠበቁ ነው። ቄስ ኪዳነ ወልድ ዓይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ «ልጄ ይሠራላችኋል» ብለው ቃል ሰጥተዋል። ይሥሐቅን አልጠየቁትም። መጠየቅ እንዳለባቸውም ትዝ አላላቸውም።

ይሥሐቅ ይህን ሲሰማ ከጊሼ በኋላ ሌላ ደብር እንዳለ፣ ከዚያም በኋላ ሌላ እንዳለ፣ አንድ ቀን እሱም ዓይኑ ደክሞ ገና ባልተወለደ ልጁ ስም ቃል እንደሚሰጥ አየው። አብሮ አደጎቹ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ የት እንደገባ የማይታወቅ ሆነዋል። እሱ የት እንደገባ የማይታወቀው ላይ ቀና።

በዚያው ሳምንት ሙሐመድሰዒድ ለገበያ ወጣ። ሙሐመድሰዒድ ከቆላው ከተማ በአይሱዙ እየመጣ በግ የሚገዛ፣ እዚያው ከተማው ደግሞ የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ትልቅ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። የቄሱን ቤተሰብ ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። ይሥሐቅ ከበጎቹ መሐል ጎትቶ ወደ ዳር ወሰደውና «ጋሼ፣ ከዚህ አገር አውጣኝ» አለው። እንዲሁ፣ ያለ ምንም መግቢያ።

ሙሐመድሰዒድ ሳቀ። የልጁን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወው። «ከሱቁ ጀርባ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቻለሁ» አለ። «ማሽኑ ገብቷል፤ ያጣሁት ሰው ነው። አንድ ቡፌ ሠርተህ አሳየኝ። ካማረኝ ሁለታችሁንም ጭኜ እወርዳለሁ፤ ቡፌውንም አንተንም።» በስልኩም የሚያምር የቡፌ ፎቶ ላከለት። ቀጠሯቸው በሦስተኛው ቅዳሜ ሆነ።

ይሥሐቅ ለአባቱ ሲነግራቸው ጠብ ይነሣል ብሎ ነበር። አልተነሣም። «ሥራ» አሉት። «ጓሮ የደረቀ ጥድ አለ፤ እሱን ውሰድ። የጊሼዎቹን ነገር ቅዳሜው ካለፈ በኋላ እናየዋለን።» ይህ ከቁጣ የባሰ ነበር። ሰው ተቆጥቶ ቢከለክልህ ሰብረህ ትወጣለህ፤ በሩን ከፍቶ «ሂድ» ካለህ ግን በምን ትጣላዋለህ?

ስለዚህ ሠራ። ስልኩን የዱቄት ሳጥኑ ላይ አቁሞ ፎቶውን እያየ ለካ፣ መገዘ፣ ላገ። አንድ ነገር ለራሱ ምሎ ነበር፤ በዚህ ቡፌ ላይ አንዲት መስቀል አትቀረጽም። አልቀረጸምም። ጥንቃቄው እንዲያውም ያስቅ ነበር፤ ሁለት ጣውላ ተነባብሮ መስቀል በመሰለ ቁጥር ዘሎ ያነሣዋል። ነገር ግን አናቱ ጠፍጣፋ ሲሆንበት ሥራው ያላለቀ መሰለውና ትንሽ ጉልላት ብጤ አበጀለት። መዝጊያዎቹ ባዶ ሲሆኑ ዓይኑን ቆረቆሩት፤ በብራና መጻሕፍት ዳር የሚሣለውን ዓይነት ቀጭን ሐረግ ዙሪያቸውን ጠረበባቸው። እግሮቹም አጠሩበትና ከፍ አደረጋቸው። ፎቶው ላይ ይህ ሁሉ የለም። «ለማሳመር ነው» ይላል ለራሱ። እጁ የለመደውን እየሠራ እሱ ፎቶውን የሚሠራ ይመስለው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቫርኒሹ ሊደርቅ ሲል ጎረቤታቸው ጥሩሸዋ ወንፊት ልትዋስ መጣች። በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ቡፌውን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፤ ጠጋ ብላም የቀኙን መዝጊያ ሦስት ጊዜ ተሳለመች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ይሥሐቅ። ብሩሹ ከእጁ ወደቀ።

«ምነው? የጊሼዎቹ አይደለም እንዴ?»

«ቡፌ ነው ጥሩሸዋ! ቡፌ! ቴሌቪዥን ነው የሚገባበት!»

ጥሩሸዋ ቡፌውን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና ቡፌውን አየች። «ውይ አፌን በቆረጠው፣ እኔ ምን አውቄ» ብላ ወንፊቱን ሳትወስድ ወጣች።

ይሥሐቅ በሩ ድረስ ርቆ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሩቅ አየው። መንበር ነበር። ሌላ ስም የለውም። እናቱ ቤት፣ ከመደቡ ፊት ለፊት፣ በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ መንበር ቆሟል።

የቤታቸው ቴሌቪዥን ሲገባበት ይለወጥ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። አምጥቶ መሐሉ ላይ አስቀመጠውና ከፈተው። ዜና ነበር፤ ስለ አስፋልት መንገድ ያወራል። ወይዘሮ አዛለች ከጓዳ ብቅ ሲሉ ቡፌውን አይተው ጫማቸውን አወለቁ። በገዛ ቤታቸው! ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሥሐቅዬ፣ ቀንሰው እንጂ፤ ነውር ነው» አሉ።

ዓርብን ሙሉ ሲልግ ዋለ። ሐረጉን አጠፋ፤ ጉልላቱን ነቅሎ ጠፍጣፋ ጣውላ ገጠመበት። የባሰ ሆነ፤ አሁን ደግሞ ገና ያላለቀ መንበር መሰለ። ውጭ ዝናቡ አያባራም። ቤቱ በጥድና በቫርኒሽ ሽታ ታፍኗል፤ መስኮቱን እንዳይከፍት ቡፌው ጋርዶታል። ይሥሐቅ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ እጆቹን እያገላበጠ አያቸው። ፈራቸው። ከአባቱ፣ ከደብሩ፣ ከጉሙ ሁሉ ሊያመልጥ ይችላል፤ እነሱን ግን ይዟቸው ነው የሚሄደው።

ቅዳሜ ሙሐመድሰዒድ እንዳለው መጣ። ከቄሱ ጋር በወጉ ሰላምታ ተለዋውጦ ቡፌውን ዞረው። በጣቱ አንኳኳው። መሳቢያውን ሳበው፤ ያለ ድምፅ ወጣ፣ ያለ ድምፅ ገባ።

«ምስማር የለውም?»

«የለውም ጋሼ። እንጨቱ እርስ በርሱ ተያይዞ ነው።»

«ሱብሐን አላህ» አለ ሙሐመድሰዒድ።

ነጋዴው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «እውነቱን ልንገርህ? እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም። ግን ይሄን ሱቄ ውስጥ ባቆመው ክርስቲያኑ ደንበኛዬ መቅደሳችንን ገበያ አወጣው ብሎ ይቀየመኛል። ሙስሊሙም ቤቱ አያስገባውም። እኔ ራሴ ዋጋ ልጠራበት አፍራለሁ። ይሄ የእናንተ የክብር ዕቃ ነው።»

«ሌላ እሠራለሁ» አለ ይሥሐቅ ቶሎ ብሎ። «ይሄኛው አልሆነልኝም። ሁለት ሳምንት ስጠኝ፤ ሌላ እሠራለሁ።»

ሙሐመድሰዒድ ዓይኑን በቤቱ ውስጥ አዞረ። የወይዘሮ አዛለችን የዕቃ መደርደሪያ አየ፤ የዱቄት ሳጥኑን አየ፤ ብድግ ብሎም የተቀመጠበትን በርጩማ አንሥቶ ገለበጠው። አራቱም እግሮቹ ሐረግ ለብሰዋል።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ። ልጅ ሆኜ።»

«የዱቄት ሳጥኑንስ?»

ይሥሐቅ የሳጥኑን ሐረግ በመዳፉ ሸፈነው። ሙሐመድሰዒድ በርጩማውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ መለሰው፤ ዳግመኛ ግን አልተቀመጠበትም። «አላህ ያግዝህ» ብሎ የልጁን ትከሻ ነካ ነካ አደረገና ወጣ። ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ የአይሱዙው ድምፅ ብዙ ቆይቶ ነው የጠፋው።

ቄስ ኪዳነ ወልድ መደቡ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ይሥሐቅ ሊያያቸው አልፈለገም። ገና ከመጀመሪያው አውቀውታል፣ «ሥራ» ያሉትም ለዚህ ነው ብሎ አሰበ። ጠላቸው። አዎ፣ የወለዱትን አባቱን በዚያች ሰዓት ጠላቸው።

«ያውቁ ነበር፤ አይደል?»

ቄሱ መቋሚያቸውን አሻሹ። «እናትህን ያገባሁ ጊዜ» አሉ፣ «ከመሬት ላንሣት ብዬ አልጋ ሠራሁላት። አየችውና ተሳልማ መሬት ላይ ተኛች። ሁለት ዓመት አልጋው እላያችን ቆሞ እኛ ከሥሩ ተኛን። ኋላ ለደብሩ ሰጠነው፤ ዛሬ ከበሮ ይቀመጥበታል።»

«አልጋ ይመስል ነበር እንዴ ታዲያ!» አሉ ወይዘሮ አዛለች ከጓዳ።

«እና ለምን አልነገሩኝም?»

«ያንተ እጅ ሌላ ይሆን ይሆናል ብዬ ነዋ። ተመኝቼልህ ነበር ልጄ። ማርያምን፣ ተመኝቼልህ ነበር።»

የይሥሐቅ ጥላቻ መሄጃ አጣ። የሚያደርገው ሲጠፋው መጋዙን አነሣ። «ለማገዶ ይሁን!» አለ። እናቱ ከጓዳ ወጥተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቄሱ ግን ግድግዳውን እየተደገፉ መጡና የቡፌውን አንድ ጫፍ በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙት።

«ሜሮን አልነካውም፤ እንጨት ነው» አሉ። «እኔ እይዝልሃለሁ። ቁረጥ።»

ይሥሐቅ የመጋዙን ጥርስ ጣውላው ላይ አሳረፈ። የሚከለክለው ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ውስጥ «ተው» ያለ አንድም የለም። አንዴ ሳብ ቢያደርገው ይበቃ ነበር። ክንዱ እምቢ አለው። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና እምቢ አለው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። አባቱ ጫፉን እንደያዙ ናቸው፤ አይለቁም።

ብዙ ቆይቶ መጋዙን አወረደና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እንባው መጣ፤ አልጠረገውም።

«አባባ» አለ፣ «የጊሼዎቹ መንበር ቁመቱ ስንት ይሁን ነው ያሉት?»