በሬዲዮ እሺ አይባልም

የበረራ ተማሪ የሆነው መምህር አውሮፕላን ማስነሳት አልከበደውም። ማሳረፉንም፣ መሬቱን ሁለት ሦስቴ ነካ እያደረገ ተመልሶ ቢዘልም፣ እንደምንም ለምዶታል። ጉድ ያፈላው ሬዲዮው ነው። ዕድሜውን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ሁለቱን መልሶ መናገር አቃተው።

ደንቡ ቀላል ነበር። ከመቆጣጠሪያ ማማው ትእዛዝ ሲመጣ አብራሪው የሰማውን ቃል በቃል ደግሞ ይመልሳል። ካልሰማ «ይደገምልኝ» ይላል። በቃ። መምህር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ጠባይ አለው፤ ሰማም አልሰማም «እሺ» ይላል። ሐኪም መድኃኒቱን ሲያስረዳው እሺ። የባንኳ ልጅ ከመስታወቱ ጀርባ ስታጉተመትም እሺ። መንገድ ጠይቆ ሲነገረው እሺ፤ ከዚያ ጥጉን ይታጠፍና ሌላ ሰው ይጠይቃል። ሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት፣ የተቀደደ ሱሪን ዞሮ እንደማሳየት ይመስለዋል።

የበረራ አስተማሪው ደግሞ ድሮ እሱ ራሱ ሒሳብ ያስተማረው ልጅ ሆኖ ተገኘ። መምህር ምን ብሎ እንደሚጠራው ጨንቆታል። አንተ እንዳይለው አለቃው ነው፤ እርስዎ እንዳይለው በማባዛት ሰንጠረዥ ሲያለቅስ ያውቀዋል። ስለዚህ «ይኼ ነገር እንዴት ነው የሚደረገው?» እያለ፣ ማንንም ሳይጠራ ይሽሎከለካል። አስተማሪው በበኩሉ እንዲህ ያለ ችግር የለበትም። በሙሉ አክብሮት፣ እርስዎ እያለ ከፈተና ይጥለዋል።

«መምህር፣ አሁን የማማዋ ተቆጣጣሪ ምን አለችዎት?»

«እሺ ብያታለሁ።»

«እሷ ምን አለች ነው ያልኩት።»

«እሱን እንኳ... እሺ ካልኳት በኋላ ላስብበት ብዬ ነው።»

አስተማሪው ፊቱን ወደ አውሮፕላኑ መስኮት አዞረ። ሲስቅ እንዳይታይ መሆኑ ነው። ትከሻው ግን አሳበቀበት።

«ክፍል ውስጥ ያልገባው እጁን ያውጣ ይሉን ነበር» አለ። «እኔ አንድም ቀን አውጥቼ አላውቅም።»

«ትምህርቱ የገባ መስሎኝ ነበር።»

«ምንም አልገባኝም ነበር።»

ወርደው ወደ ቢሮ ሲሄዱ፣ አስተማሪው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ እያሽከረከረ ቁርጡን ነገረው። «ነገ የመጨረሻ ፈተናዎ ነው። ሬዲዮውን ካለፉ ብቻዎን እንዲበሩ እለቅዎታለሁ። ካላለፉ ግን የበረራ ትምህርት ቤቱ ያሰናብትዎታል። እኔም አለቃ አለብኝ፣ መምህር።»

መምህር የማስተማር ሥራውን ለቆ ነው የመጣው። በስንብቱ ዕለት፣ መምህራን ሁሉ ባሉበት፣ «ከእንግዲህ ቀና ብላችሁ ፈልጉኝ» ብሏል። ይህች ንግግር ትዝ ባለችው ቁጥር ጆሮው ይግላል።

ማታ ባለቤቱ ልታለማምደው ማማ ሆነች። እሱ ወንበር ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ፤ እሷ ምድጃው ጋ ቆማ ጭልፋውን አፏ ላይ ደቀነች።

«ስልሳ አንድ» አለች፤ የአውሮፕላኑ መጠሪያ ነው። «ከሱቅ ሳሙና፣ ክብሪትና ሎሚ ይዘህ ና። ስትመለስ የጎረቤታችንን መሰላል አድርስላት።»

«እሺ።»

«ምን አልኩህ?»

«መሰላል።»

«መሰላሉን ምን?»

«እንገዛለን።»

ባለቤቱ ጭልፋውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ቆይ እስቲ። ከተጋባን ጀምሮ እሺ ስትለኝ የኖርከው እንዲህ ነው?»

መምህር ለዚህ የሚሆን የሬዲዮ ቃል አልተማረም።

«እናቴ መጥታ ትክረም ወይ ስልህስ?»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት። እሺ ብለኸኛል። እሁድ ትገባለች።»

በማግስቱ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ፤ ማሳበቢያ የሚሆን ደመና እንኳ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፈተና ዙሮች ያለ እንከን አለፉ። መምህር የተቆጣጣሪዋን ቃል ከአፏ እየነጠቀ መለሰ። መሪውን እንደ ባለሙያ በሁለት ጣት መያዝ ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ ተቆጣጣሪዋ አንድ ነገር በአንድ ትንፋሽ አንበለበለችው። መምህር የያዘው መጀመሪያ ላይ «ለሁሉም አውሮፕላኖች» ያለችውንና መጨረሻ ላይ «ግራ» ያለችውን ብቻ ነው። መሃሉ ጭስ ሆኖ በነነ።

በሬዲዮው አንድ ወፍራም ድምፅ ትእዛዙን ሳይደግም «ሰምቻለሁ» ብቻ አለ። ከሩቅ እየመጣ ያለው ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ካፒቴን ነው፤ ድምፁ ብቻውን የሚያርፍ ይመስላል።

«ሰምቻለሁ» አለች ከኋላቸው የምትበር ሌላ ተማሪ።

ተራው የመምህር ሆነ። አስተማሪው ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተከለ። እሺ ከጥርሱ ኋላ መጥታ ተሰለፈች። መምህር ዋጣት።

«ስልሳ አንድ። አልሰማሁም። ይደገምልኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ደገመች፤ በዚያው ፍጥነት። አሁን ደግሞ «ትራክተር» የሚል ተጨመረበት። ሰማይ ላይ ትራክተር ምን ይሠራል?

«ስልሳ አንድ። አሁንም አልሰማሁም። ቀስ ተብሎ ይደገምልኝ።»

በአካባቢው ያለ አብራሪ ሁሉ ድንቁርናውን እየሰማለት መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀው። ምናልባት ከመካከላቸው ስንቱን ራሱ አስተምሯል።

ወፍራሙ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ። «መቆጣጠሪያ፣ ቀስ የሚባል ከሆነ እኔም ብሰማው አልጠላም።»

«ሰምቻለሁ ብለው ነበር እኮ።»

«ብዬ ነበር።»

«እኔም» አለች ተማሪዋ በቀጭኑ።

ተቆጣጣሪዋ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ ለሕፃን ጫማ አስተሳሰር እንደሚያሳይ ሰው፣ አንድ በአንድ ተናገረች። «ከማኮብኮቢያው በስተግራ ሣር የሚያጭድ ትራክተር አለ። ካረፋችሁ በኋላ በቀኝ ውጡ። ወደ ግራ እንዳትወጡ።»

ሦስቱም በየተራ ደገሙ። መምህር አንዲት ቃል አልጣለም።

አርፈው በቀኝ ከወጡ በኋላ አስተማሪው «ያቁሟት» አለ። ቀበቶውን ፈታ፤ ማዳመጫውን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረ፤ በሩን ከፍቶ ወረደ። ሞተሩ እየጮኸ፣ ነፋሱ ሸሚዙን እያርገበገበው ወደ ውስጥ ዞሮ የሆነ ነገር ተናገረ።

«እሺ» አለ መምህር።

አስተማሪው በሩን እንደያዘ አልተነቃነቀም። «ምን አልኩዎት?»

መምህር ማዳመጫውን ካንድ ጆሮው አነሳ። «አልሰማሁም» አለ። «ድገምልኝ።»

አስተማሪው እስከ ወገቡ ወደ ውስጥ ገባ። «የእኔ ክብደት ስለሌለ ቶሎ ብላ ትነሳለች። አይደንግጡ።»

«ክብደትህ ስለሌለ ቶሎ ትነሳለች። አልደነግጥም።»

በሩ ተዘጋ።

እውነትም ቶሎ ተነሳች። መምህርም ቃል በቃል የመለሰውን ሁሉ ረስቶ ክው አለ፤ ጮኸም። ማማው ግን አልሰማውም፤ ደግነቱ የማይኩን ቁልፍ አልተጫነውም ነበር።