የማይቀልጠው ክር

የመርሳዋ ልብስ ሰፊ ሀስና የስፌት መኪናዋን በአቡጀዲ ከሸፈነችው ክረምቱ አልፎ ማሽላው ሊታጨድ ደርሷል። በመርፌው ሥር ለልጇ የጀመረችው፣ አንድ ጎኑ ያልተሰፋ የሕፃን ሸሚዝ እንደተወጋ ቀርቷል። ሥራ ጠልታ አይደለም፤ እስከ ውርጌሳ ድረስ እጇ ወርቅ ነው የሚባልላት ሴት ነች። ሰኔ ላይ ወልድያ ወስደው በኦፕራሲዮን ሲያዋልዷት ልጁ ቀድሞ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር። ሰፍተው ሲሸኟት ታዲያ፣ የውጩን ክር እንመዘዋለን፣ የውስጡ ግን ራሱ ይቀልጣል አሏት። ይኼ እንግዲህ ለልብስ ሰፊ ይነገራል?

ክር አለቀ ማለት ስፌት ተተረተረ ማለት እንደሆነ ከሀስና በላይ ማን ያውቃል! ፔዳል ብትረግጥ፣ ጀሪካን ብታነሳ ሆዷ እንደ አሮጌ ኪስ የሚቀደድ መሰላት። ጎረቤት ቢመክራት፣ ሼኹ ዱዓ ቢያደርጉላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። የሠርግ ልብስ ሊያሰፉ የመጡት ሁሉ ጨርቃቸውን አንድ በአንድ መልሰው ወሰዱ።

ባሏ ኢዘዲን ቀን ባጃጅ ሲነዳ ይውላል፣ ማታ ውሃ ይቀዳል፣ ወጥ ይሠራል። ወንድ ወጥ ሠራ ብለው የሚያሽሟጥጡበትን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ደክሞታል፤ ግን ሚስቱ እንዲህ ሆና ማን ፊት ደከመኝ ይበል? አንድ ጠዋት አመለጠውና፣ የስፌት መኪናው ዝጎ ከሚቀር ለሌላ ሰፊ እንስጠው አላት። ሀስና አልተቆጣችም። ሐኪም አንዴ ይየኝና ክሩ አልቆ ከሆነ ስጠው፣ እኔ እንደሆን አልነካውም አለችው።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሲሪንቃን እስኪያልፉ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛ ነበር።

ሆስፒታል ያገኟት ያኔ ቁስሏን የጠረገችላት ሲስተር ወርቅነሽ ናት፤ ጡረታ የደረሰች፣ እግሯ አብጦ ጫማዋን በግማሽ የምትጫማ ሴት። የሀስናን ሆድ ዳብሳ ዳብሳ፣ ድኗል አለች። ሀስና ግን የክሩን ነገር ንገሩኝ ብላ ሙጭጭ አለች። ሲስተር ተነፈሰችና ተቀመጠች። ያ ክር ሲሠራ ጥቃቅን አሲዶች ተሰልፈው እየተያያዙ ነው አለቻት፤ ሁለቱ በተያያዙ ቁጥር ከመሃላቸው ቅንጣት ውሃ ይወጣል፣ ሰንሰለቱም እየረዘመ ክር ይሆናል። ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ የሰውነት ውሃ ተመልሶ ይገባና ማያያዣውን አንድ በአንድ ይፈታዋል። የሱቅሽ ፖሊስተርም ዘመዱ ነው፣ እሱም ሲያያዝ ውሃ ያስወጣል፤ ግን ውሃ በቀላሉ አይደፍረውም፣ ዕድሜሽን ሙሉ ብታጥቢው አይፈታም አለቻት።

«ታዲያ የኔው የት ደረሰ?» አለች ሀስና።

«የለም እኮ፣ የኔ እህት። መስከረም ሳይጠባ አልቋል። በሽንት፣ በትንፋሽ ወጥቷል። እስካሁን የያዘሽ የራስሽ ሥጋ ነው።»

ኢዘዲን አልሐምዱሊላህ ብሎ ፊቱን በእጁ አበሰ። ሀስና ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሲስተር ግራ ገብቷት የሚያምሽ አለ እንዴ አለቻት።

«ፈርቼ ብቻ አይደለም ዝም ብዬ የተቀመጥኩት» አለች። «ልጄ ከነበረበት ቦታ የቀረኝ ክሩ ብቻ ነበር። ቶሎ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው።»

ኢዘዲን ወደ ሚስቱ ዞረ። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲቀዳ ይኼን አንድም ቀን አልነገረችውም፤ እሱም የራሱን ሐዘን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ነበር። አብሽሪ አላት እጇን ይዞ። ሲስተር ሌላ በሽተኛ ሲጠራት ጫማዋን እየጎተተች ሄደች።

መርሳ ሲገቡ ፀሐይ አልጠለቀችም። ኢዘዲን እንደልማዱ ጀሪካኑን አንስቶ ወጣ። ሞልቶ ሲመለስ የመኪናውን ድምፅ ከበር ሰማና እዚያው ቆመ። ሀስና አቡጀዲውን ገልጣ፣ በግራ እጇ ሆዷን ይዛ ፔዳሉን ቀስ እያለች ትረግጣለች። ሆዷ ሳብ ያደርጋታል፣ ግን አልተቀደደም። ክፍቱን ጎን ሰፍታ ጨረሰች፣ ክሩን ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው።

ከዚያ ትንሿን ሸሚዝ አጣጥፋ ኢዘዲን እጅ ላይ አስቀመጠችለት።

«ያዛት» አለችው። «ይኼኛው ክር አይቀልጥም።»