ሦስቱ የቀጀላ መስታወቶች

«አንዱ ይበቃናል ዳሲቱ፤ ሦስቱም እኮ ያው አንድ ፎቶ ነው» አለች ጎረቤቷ አቻምየለሽ። «አንዱን ሳሪስ አቦ ላለችው አክስቱ እንላክላት፤ እሷም ይዛ ታልቅስበት።»

ዳሲቱ ሦስቱን ትንንሽ መስታወቶች ከደረቷ አላላቀቀችም። ልጇ ቀጀላ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ከሰሜን መርዶው እንጂ አስከሬኑ አልመጣም። ድንኳኑ ውስጥ በአስከሬኑ ፈንታ የሚለቀስበት ፎቶ ያስፈልጋል። የአቃቂን ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ የኖረው ልጅ ግን የራሱ ያለው ይኸው ብቻ ነበር፤ መስታወት ላይ የታተመ፣ ጥቁርና ነጭ።

«ልጄ ጠይም ነው» አለች ዳሲቱ። «ይሄ አመድ መስሏል። በዚህ አላለቅስም።»

«ኧረ በስመአብ! ሰው ምን ይላል?»

ይህን ጊዜ መንሱር ገባ። ከቀጀላ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ቀጀላ ፊዚክስ፣ እሱ ኬሚስትሪ።

«እማማ፣ እንዳይለያዩዋቸው!» አለ ገና ከበሩ። «ሦስቱ አንድ አይደሉም።»

የቀለም ፊልም ከገበያ ሲጠፋ ቀጀላ «ቀለሙ ያለው ብርሃኑ ውስጥ ነው» ብሎ ከጥቁርና ነጭ ፊልም ባለቀለም ፎቶ ሊያወጣ ተነሳ። ዓመታት ፈጀበት። ጓደኞቹ «እህሳ፣ ዛሬስ ቀስተ ደመናዋን ያዝካት?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሊሄድ ሲል ጓሮ ተቀመጠና ካሜራውን ለእናቱ ተወላት። ሦስት ጊዜ አነሳችው፤ መጀመሪያ በቀይ መስታወት በኩል፣ ከዚያ በአረንጓዴ፣ ከዚያ በሰማያዊ።

«እማዬ፣ እጄን ሳነሳ ካሜራውን ክደኚው።»

«ባበላሸውስ?»

«አንቺ ክደኚ ብቻ። እኔ አልነቃነቅም።»

ዓይኗን ከፊቱ መንቀል አቅቷት ሦስቴም አረፈደች። «እማዬ፣ እጄ ዛለ እኮ!» ብሎ ሳቀባት።

መንሱር መስኮቱን በጋቢ ከለለና ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠረ። ቀጀላ ከወተት ጣሳ የሠራቸውን ሦስት መብራቶች ደርድሮ በየአንዳንዱ ውስጥ አንድ ፎቶ፣ ከፊቱም ቀዩን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን መስታወት አኖረ። ሦስቱ ብርሃን አንሶላው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ተጠጋጋ፤ ተደራረበ።

ቀጀላ መጣ። ጠይም። ሹራቡ ቡኒ፣ ከኋላው የጠቆረው ግድግዳ፣ ከእግሩ ሥር ጎመኑ አረንጓዴ።

አቻምየለሽ አፏን ያዘች። ድንኳን የነበረው ሰው በሩ ላይ ተጨናነቀና ለቅሶው ገነፈለ።

እጁ ብቻ አልገጠመም። ክደኚ ሲላት በየጊዜው ከፍ ያደረገው ሌላ ሌላ ቦታ ላይ ስለነበር አንሶላው ላይ ሦስት እጅ ሆኖ ቀረ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሦስቱም ክደኚው ይሏታል።

«እማማ፣ መብራቱ ግሏል» አለ መንሱር ዝግ ብሎ። «ፎቶዎቹ ይሰነጠቃሉ። ይበቃናል።»

«ትንሽ። ትንሽ ብቻ።»

ጣሳው መሽተት ጀመረ። ዳሲቱ ተነሳች።

«እሺ ልጄ» አለች።

የቀዩን ጣሳ ክዳን አንስታ አፉ ላይ ገጠመች። አረንጓዴውንም ከደነች። ሰማያዊው ላይ ስትደርስ፣ ክዳኑን ይዛ፣ እንደዚያን ጊዜው አረፈደች።